ፔኒሲሊን፦ ከእጥረት ወደ ብዛት፣ ከብዛትም ወደ ሌላ እጥረት

ቆዳ የሰውነት ቅጥር ነው። ቅጥሩ በእሾህ ሲወጋ፣ በምላጭ ሲቆረጥ፣ በእከክ ምክንያት በጥፍር ሲቧጨር ወይም በእሳት ሲቃጠል ጀርሞች የሚገቡበት ቀዳዳ ይከፈታል። ብጉንጅ፣ መግል የቋጠረ እብጠት፣ በሕፃናት አፍና አፍንጫ ዙሪያ ማር መሳይ ቅርፊት እየሠራ የሚወጣው ኢምፔቲጎ፣ እንዲሁም ቆዳን አቅልቶና አሙቆ የሚያሳብጠው ሴሉላይቲስ በየጤና ጣቢያው በየዕለቱ የሚታዩ ሕመሞች ናቸው። ተራ ከመሆናቸው የተነሣ ታሪክ ያላቸው አይመስሉም። ይሁን እንጂ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ታሪክ የተጀመረው ከነዚሁ ተራ የቆዳ ሕመሞች ጋር ነው፤ መድኃኒቶቹ ዛሬ ኃይላቸውን እያጡ ከሚሄዱባቸው መንገዶችም አንዱ ይኸው የቆዳ ሕክምና ነው።

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ፔኒሲሊንን ከላቦራቶሪ ብልቃጥ አውጥቶ ለዓለም ሕዝብ ያዳረሰው የእኛ የመሐንዲሶች ሙያ ነው። የሙያ ማኅበራችን አባላት በዚህ ሥራ ሲኮሩ ከኩራቱ ጋር የሚሄደውን ጥያቄ አብረው ሊያነሡት ይገባል። ጥያቄውም፣ አንድ ነገር በብዛት ከተመረተ በኋላ መጠኑን የሚወስነው ማን ነው? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ብጉንጅ አምጪው ባክቴሪያና ሻጋታው

በሴፕቴምበር 1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይመረምር የነበረው ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ማለትም የብጉንጅንና የመግል ዋና ምንጭ ነበር። ከማሳደጊያ ሳሕኖቹ በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ሟሙተው አገኘ። ሻጋታው የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ በ1929ም ግኝቱን በጽሑፍ አወጣ። ነገር ግን ንጥረ ነገሩን አጥርቶና አከማችቶ ለሕክምና ማብቃት አልተቻለውም።

ይህን የፈጸሙት ከአሥር ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይን፣ ኖርማን ሂትሊና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን ገዳይ በሆነ ስትሬፕቶኮከስ መረዟቸው፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ። መድኃኒቱን ያላገኙት አራቱ በማግስቱ ሞተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የነበረው ችግር የምርት ችግር ነበር። ሻጋታው አየር ስለሚሻ የሚያድገው በፈሳሹ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ፔኒሲሊን ለማግኘት ሰፊ ገጽ ያስፈልጋል። ጦርነቱ ዕቃ ባሳጣበት በዚያ ዘመን ሂትሊ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የወተት ጋንና የሕሙማን የአልጋ ፖፖ ሳይቀር ለማብቀያ ሞከረ፤ በመጨረሻም ጠፍጣፋ የሸክላ ዕቃዎች በልዩ ትእዛዝ አሠራ።

መድኃኒቱን በመጀመሪያ ለከባድ ሕመም የተወጋው አልበርት አሌግዛንደር የተባለ የ43 ዓመት ፖሊስ ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ቁስል በስታፊሎኮከስና በስትሬፕቶኮከስ ተመርዞ አንድ ዓይኑን አሳጥቶት ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941 መርፌው ተጀመረለት፤ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም መብላት ጀመረ። ግን መድኃኒቱ አለቀ። ፔኒሲሊን በኩላሊት በኩል በፍጥነት ከሰውነት ስለሚወጣ፣ ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ሽንት መልሰው እያጣሩ እስከ መስጠት ደረሱ። እሱም አልበቃም፤ ማርች 15 ቀን 1941 ሕይወቱ አለፈ። በፊት ላይ ካለ ቁስል የተነሣ ሕመም ሰውን ይገድል የነበረበት ዘመን ከዛሬ አንድ የሰው ዕድሜ ብቻ የራቀ መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳየናል።

እጥረት ዳኛ በነበረበት ጊዜ

በ1941 ፍሎሪና ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። መድኃኒቱ ከወርቅ ይልቅ ብርቅ ነበር። በማርች 1942 በኒው ሄቨን አንዲት በሞት አፋፍ ላይ የነበረች ሴት ስትታከም፣ በአገሪቱ ከነበረው ክምችት ግማሽ ያህሉ ለእሷ ብቻ ዋለ፤ ሴትዮዋም ዳነች። በኖቬምበር 28 ቀን 1942 ደግሞ በቦስተን ከተማ ኮኮናት ግሮቭ የተባለ የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 492 ሰዎች ሞቱ። የተቃጠለ ቆዳ ለስታፊሎኮከስ ክፍት በር ስለሆነ፣ መርክ የተባለው ኩባንያ 32 ሊትር የፔኒሲሊን ፈሳሽ በፖሊስ አጀብ ለቁስለኞቹ ላከ።

ለሠራዊቱ ከሚሄደው የተረፈውን ጥቂት ፔኒሲሊን ለሲቪል በሽተኞች ማከፋፈል የቼስተር ኪፈር ኃላፊነት ሆነ። ኪፈር የቦስተን ሐኪምና የአንድ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር። መድኃኒቱን የሚሻ ሐኪም ሁሉ የበሽተኛውን ሁኔታ ማስረዳት ነበረበት፦ ጀርሙ ምንድን ነው? በፔኒሲሊን ይሞታልን? በሌላ መድኃኒት ተሞክሮ አልሆነምን? በቂ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይመለስ ነበር። አሠራሩ ከባድና አሳዛኝ ነበር፤ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎችም ሳያገኙት ቀርተዋል። ሆኖም የኪፈር ጥያቄዎች ዛሬ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ራሱን ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ ጥያቄዎቹን ያስነሣው እጥረቱ ነበር።

የብዛቱ ምሕንድስና

ከእጥረቱ ያወጣው መንገድ በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ ከሚገኘው የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪ ተጀመረ። በዚያ የነበሩት ተመራማሪዎች ስታርቹ ከወጣ በኋላ የሚተርፈውን የበቆሎ ዝፍዝፍ ውሃ ለሻጋታው ምግብ አድርገው ሰጡት፤ ምርቱም በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1943 ደግሞ ከአንድ የሻገተ የካንታሎፕ ሐብሐብ ላይ ይበልጥ ለጋስ የሆነ የሻጋታ ዘር ተገኘ።

ዋናው የምሕንድስና ጥያቄ ግን ሻጋታውን ከፈሳሹ ገጽ አውርዶ በታንኩ ጥልቀት ሁሉ ማሳደግ ነበር። ጠላ የሚጠነስሱ እናቶቻችን እንደሚያውቁት ጋን ሲከደን ብላቱ በራሱ ይሄዳል፤ የፔኒሲሊን ሻጋታ ግን አየር ካጣ ምርት አይሰጥም። ስለዚህ ከጀርም የጸዳ አየር ያለማቋረጥ ከታንኩ ሥር ማስገባት፣ ፈሳሹን በኃይል ማማሰል፣ ሙቀቱን ማስወጣትና አረፋውን መቆጣጠር ግድ ሆነ። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ሲትሪክ አሲድን በማብላላት ያካበተውን ልምድ ይዞ፣ በብሩክሊን የነበረን የበረዶ ፋብሪካ ለወጠና እያንዳንዳቸው 28,000 ሊትር ያህል የሚይዙ 14 ታንኮች ተከለ፤ ፋብሪካውም በማርች 1 ቀን 1944 ሥራ ጀመረ። ጥልቅ ታንክ ያላቸውን የፔኒሲሊን ፋብሪካዎች በመንደፍ ስማቸው ከሚነሣው መሐንዲሶች አንዷ ማርጋሬት ሃችንሰን ሩሶ ስትሆን፣ በኬሚካል ምሕንድስና የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። የአሜሪካ ምርት በ1943 21 ቢሊዮን ዩኒት ነበር፤ በ1944 1,663 ቢሊዮን ሆነ፤ በ1945 ከ6,800 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። በማርች 15 ቀን 1945 ገደቡ ተነሥቶ ፔኒሲሊን በየመድኃኒት ቤቱ መሸጥ ጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ300 እጥፍ በላይ ማደግ በኢንዱስትሪ ታሪክ እምብዛም የማይገኝ ነው።

ይሁን እንጂ ታንኩ ራሱ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ ነበር። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም እንዳላቸው አብርሃምና ቼይን በ1940 አሳውቀው ነበር። የቧንቧ መጋጠሚያ ወይም ቫልቭ በትንሹ ሾልኮ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ወደ ታንኩ ከገባ፣ የተመረተው ፔኒሲሊን ሁሉ በአጭር ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህም የፋብሪካ መሐንዲሶች በሽታው ሆስፒታል ሳይደርስ በፊት ጠላታቸውን ያውቁት ነበር፤ ለመገጣጠሚያዎቹ ጥብቅነት ይጨነቁ የነበሩትም ለዚህ ነው።

ማርም ሲበዛ ይመራል

ፔኒሲሊን የሚሠራበትን መንገድ በእኛ ቋንቋ መግለጽ ይቻላል። የስታፊሎኮከስ ሕዋስ ውስጣዊ ግፊት እስከ 20 አትሞስፌር የሚደርስ ትንሽ የግፊት ጋን ነው። ባክቴሪያው ሲያድግ የግድግዳውን ጡቦች እርስ በርስ እያሰረ ይሠራል፤ ፔኒሲሊን የሚያሰናክለው ይህንን ግንበኛ ነው። ግድግዳው ሳይታሰር ሲቀር ጋኑ ከራሱ ግፊት የተነሣ ይፈነዳል። መድኃኒቱን የሚሰብረው ኢንዛይም ያለው ባክቴሪያ ግን ፔኒሲሊኑ ከግንበኛው ሳይደርስ ይቆርጠዋል። መድኃኒቱ በተሰጠ ቁጥር ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ኢንዛይም ያላቸው ይተርፋሉ፤ ቦታውንም ይወርሳሉ።

ፍሌሚንግ በዲሴምበር 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ማንም እንደ ልቡ ሊገዛው የሚችልበት ጊዜ እንደሚመጣ፣ በማይበቃ መጠን የወሰደም ሰው ጀርሞቹን ሊያለማምዳቸው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው እውነት ሆኖ ለመገኘት ብዙ አልቆየም። የባክቴሪያ ሊቅ የነበረችው ዶክተር ሜሪ ባርበር በለንደኑ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ከበሽተኞች የተገኙትን ስታፊሎኮከሶች ስትመረምር፣ ፔኒሲሊንን የተላመዱት በ1946 ከመቶ 14፣ በ1947 ከመቶ 38፣ በ1948 ከመቶ 59 ሆነው አገኘቻቸው። የተላመዱት ጀርሞችም ከሰው ወደ ሰው በሆስፒታሉ ውስጥ ይዛመቱ እንደ ነበር አረጋገጠች። እንግሊዝ በ1947 ባወጣችው ሕግ ፔኒሲሊን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር፤ ሆኖም ማዘዣው ራሱ እጅግ ልል ነበር።

ቆዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ፔኒሲሊን በብዛት ሲገኝ ወዲያው በቅባት መልክ ለየቁስሉና ለየሽፍታው ተቀባ። ቅባቱ የብዙ ሰዎችን ቆዳ አስቆጥቶ የአለርጂ ምንጭ ስለሆነ ሐኪሞች ውለው አድረው ተዉት። ልማዱ ግን አልጠፋም፤ በሌላ መድኃኒት ተተካ። በዴንማርክ ተገኝቶ በ1962 ለሕክምና የቀረበው ፊዩሲዲክ አሲድ ለቆዳ ሕመም የተወደደ ቅባት ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን በኖርዌይና በስዊድን ሕፃናት ላይ የተነሣው የኢምፔቲጎ ወረርሽኝ ይህንኑ ቅባት በተላመደ አንድ የስታፊሎኮከስ ዘር የመጣ ሆኖ ተገኘ። ቅባት የሚቀባው ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ፈረሰ።

አዲስ መድኃኒት መፍጠርም ብቻውን መዳኛ አልሆነም። ኢንዛይሙ የማይሰብረው ሜቲሲሊን በ1959 እና በ1960 ወደ ሕክምና ገባ። በ1961 መጀመሪያ ፓትሪሺያ ጄቨንስ ከመረመረቻቸው ከ5,000 በላይ የስታፊሎኮከስ ናሙናዎች ሦስቱ ሜቲሲሊንን እንደሚቋቋሙ አስታወቀች። ሦስት ናሙና ምንም አይመስልም፤ ግን በ2000 አካባቢ በአሜሪካ ሜቲሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ ከሆስፒታል ውጭ በስፖርት ቡድኖችና በእስር ቤቶች ውስጥ ብጉንጅና እብጠት እያመጣ ይዛመት ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት የተስፋ ምልክቶች መጠቀስ አለባቸው። ሁለተኛው የቆዳ ሕመም አምጪ፣ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ የተባለው፣ ከ80 ዓመት በላይ ፔኒሲሊን ተሰጥቶት እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን እጁን የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ምልክት ከሜሪ ባርበር ሥራ የተገኘ ነው። እሷና ባልደረቦቿ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሃመርስሚዝ ፔኒሲሊንና ሌሎቹ መድኃኒቶች ያለ በቂ ምክንያት እንዳይታዘዙ ገደብ አስደረጉ፤ የንጽሕና ጥንቃቄንም አጠበቁ። በ1960 ባወጡት ዘገባ መድኃኒት የተላመዱት ስታፊሎኮከሶች ድርሻ መቀነሱን አሳዩ። ይህም ማለት አጠቃቀሙ ሲታረም ጉዳቱ በከፊል ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

የማዘዣው ሚዛን

እንግዲህ ተራ የቆዳ ሕመም ይዞ የመጣን ሰው ጠቅላላ ሐኪም እንዴት ይርዳው? መልሱ መድኃኒት መከልከል አይደለም። ሴሉላይቲስ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ሳይዘገይ በሚውጥ ወይም በሚወጋ ፀረ ባክቴሪያ መታከም አለበት። የብሪታንያ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ በ2019 ለብዙዎቹ በሽተኞች ከ5 እስከ 7 ቀን የሚደርስ ሕክምና እንደሚበቃ ደንግጓል፤ ቀድሞ እንደ ልማድ ይሰጥ የነበረው ከዚህ የረዘመ ነበር።

መግል የቋጠረ እብጠት ግን ሌላ ነገር ነው። መግሉ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ የደም ሥር የለም፤ መድኃኒትም እንደሚገባ አይደርስበትም። ዋናው ሕክምና በስቶ ማፍሰስ ነው። በ2016 በአሜሪካ ከ1,200 በላይ በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እብጠታቸው ከፈሰሰ በኋላ ፀረ ባክቴሪያ ከወሰዱት ከመቶ 80.5፣ ማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 73.6 እንደ ዳኑ አሳይቷል። የመድኃኒቱ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ግን ልዩነቱ ከመቶ ሰባት ያህል ነው። የሚበዛውን ሥራ የሠራው ቢላዋው ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ ማን ኪኒን እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው መለየት ይችላል።

ለኢምፔቲጎም እንዲሁ ነው። ቁስሉ በጥቂት ቦታ የተወሰነና ሕፃኑ በሌላ መልክ ያልታመመ ከሆነ፣ ያው የብሪታንያ መመሪያ በ2020 በቅድሚያ የመከረው 1 ከመቶ የሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ክሬምን ነው። ይህ ፀረ ጀርም ስለሆነ ለከባድ ሕመም የምንሻቸውን መድኃኒቶች አያባክንም። ችፌ ላይ ጀርም መታየቱ ብቻም በሽተኛው ካልታመመ ፀረ ባክቴሪያ ለማዘዝ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በ2021 ተደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ፀረ ባክቴሪያዎችን በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆጠቡ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2030 ከሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ ከመቶ 70ው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደ ነበሩ ተገምቷል።

በአገራችንና በእኛ ሙያ በኩል

በኢትዮጵያ መድኃኒቱን የተላመዱ ጀርሞችን ለመከላከል ብሔራዊ ስልት በ2011 ወጥቷል። ነገር ግን ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ውጦ መተው፣ የካፕሱልን ዱቄት አውጥቶ ቁስል ላይ መነስነስ በየመንደሩ የሚታይ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርገውን ሰው ባለማወቅ ብቻ መውቀስ አይገባም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ለሆነበት፣ ቀኑን ቢያባክን የዕለት እንጀራው ለሚጎድልበት ሰው የቅርቡ መድኃኒት ቤት ሐኪሙም ፈራጁም ነው። ስለዚህ ማዘዣን ማጥበቅ ሐኪሙን ከማቅረብ ጋር ካልተያያዘ፣ የኪፈርን ጭካኔ ያለ ኪፈር ፍርድ ማምጣት ይሆናል።

የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ2015 እና በ2016 በድርቁ ጊዜ በአማራና በትግራይ የእከክ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ውሃ ሲጠፋ መታጠብ ይቀራል፤ እከክ ይዛመታል፤ የታከከ ቆዳ ይቆስላል፤ ቁስሉ ላይ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ይሰፍራሉ፤ መጨረሻውም ፀረ ባክቴሪያ ነው። የሰንሰለቱን መጨረሻ ብቻ የሚያክም ሐኪም ያንኑ ሕፃን ተመልሶ ያየዋል። በካራቺ ድሃ ሰፈሮች ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት እጅን በሳሙና የመታጠብ ልማድ በተስፋፋባቸው ቤቶች የሕፃናት ኢምፔቲጎ ከመቶ 34 እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ሳሙናው ልዩ አልነበረም፤ ተራ ሳሙና ያንኑ ያህል ሠርቷል። ንጹሕ ውሃ ወደ አንድ ቀበሌ የሚያደርስ ቧንቧ የመድኃኒት ማዘዣዎችን ቁጥር እንደሚቀንስ መሐንዲስ በሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይገባል።

ታንኩን የሠሩት መሐንዲሶች የመድኃኒቱን እጥረት አስወገዱ። ዛሬ ያለው እጥረት ግን የተለየ ነው፤ የጎደለው የመድኃኒቱ መጠን ሳይሆን ኃይሉ ነው፤ ኃይልን ደግሞ የትኛውም ታንክ አያመርትም። የአንድ ሰው አላስፈላጊ ኪኒን ከሌላው ሰው የነገ ሕክምና ላይ የሚቀነስ በመሆኑ፣ ፀረ ባክቴሪያ ሁሉም በጋራ ከሚቀዳው የውሃ ጉድጓድ ይመሳሰላል። ጉድጓዱ በዝናብ አይሞላም፤ ስለዚህ የሚቀዳው በልክ መሆን አለበት። ልኩን በየዕለቱ የሚወስነው በየጤና ጣቢያው ብጉንጁን የሚያየው፣ የሚበሳውን በስቶ፣ የሚታጠበውን አጥቦ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ የሚጽፈው ሐኪም ነው። የእኛም ሥራ ያን ሐኪም በውሃ፣ በመንገድና በብርሃን ማገዝ ነው።